ቦርሳዬ በእግሩ የሄደ ዕለት

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል?

መጥፋቴን አውቃለሁ፤ ሰበብ አልደረድርም። "ያ በእንግሊዝኛ ፓርቲሲፒያል ፍሬዝ የሚሉት፣ እንደ ዎኪንግ ወይም ሪተን ባለ ግስ የሚጀምረው ሐረግ፣ አልገባ ብሎኛል፣ ሲመችህ አስረዳኝ" ብለህ የላክልኝ መልእክት እስካሁን ስልኬ ላይ አለ፤ ባየሁት ቁጥር ይሸማቅቀኛል። ለነገሩ ያኔ ብመልስልህ አሳስትህ ነበር። እኔም የገባኝ በቅርቡ ነው፣ ያውም ከተሳቀብኝ በኋላ።

አንድ ቀን ሥራ አረፈድኩና ለአለቃዬ ኢሜይል ጻፍኩ፦ "ዎኪንግ ቱ ዘ ኦፊስ፣ ማይ ባግ ዋዝ ስቶለን።" ወደ ቢሮ በእግሬ ስመጣ ቦርሳዬ ተሰረቀ ማለቴ ነው። ሰውዬው ማዘኑ ቀርቶ "ቦርሳህ በእግሩ ነው የሚመጣው?" ብሎ መለሰልኝ። ተናደድኩ። ስረጋጋ ግን እውነቱን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ቦዝ አንቀጽ ባለቤቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። "በልቼ" ካልኩ የበላሁት እኔ ነኝ፣ "በልተህ" አንተ፣ "በልታ" እሷ፤ ቀጥሎ ማንም ቢመጣ አይምታታም። "ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ" ስንል መንገዱ ዘነበ ብሎ የሚሰማ የለም። የእንግሊዝኛው "ዎኪንግ" ግን ባዶ እጁን ነው የሚመጣው፣ ማን እንደሄደ አይናገርም፤ ስለዚህ አንባቢው ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ያለውን የአረፍተ ነገሩን ባለቤት ይይዝና እሱን ያስኬደዋል። እኔ ጋ ያገኘው ቦርሳዬን ነው፣ በቃ። "ዋይል አይ ዋዝ ዎኪንግ ቱ ዘ ኦፊስ" ብዬ ብጀምር ኖሮ "አይ" የምትለዋ ታድነኝ ነበር። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን አያስቅም።

ሌላው ወጥመድ ጊዜው ነው፣ አንተም እዚህ ላይ ነው የምትሳሳተው መሰለኝ። "በልቼ ወጣሁ" ለማለት "ኢቲንግ፣ አይ ዌንት አውት" ካልክ አፍህ ሞልቶ እያላመጥክ የወጣህ ነው የሚመስለው። "በልቼ" መብላቱ አልቋል ይላል፤ በ"ኢንግ" የሚያልቀው ግን ባመዛኙ የኛ "እየ" ነው። ላለቀ ነገር "ሃቪንግ ኢተን" በል። ሁለቱ ድርጊቶች ወዲያው ወዲያው ሲከተሉ፣ በሩን ከፍቶ ገባ እንደሚባለው ዓይነት፣ "ኦፕኒንግ ዘ ዶር፣ ሂ ዌንት ኢን" ብትል ችግር የለውም።

ድርጊቱ ስለተፈጸመበት ነገር ስትናገር ደግሞ "ኢንግ"ን ተወው። በጥድፊያ የተጻፈ ደብዳቤ "ኤ ሌተር ሪተን ኢን ኤ ሃሪ" ነው። እኛ "የተጻፈ"ን ከስሙ በፊት እናስቀምጣለን፣ እነሱ እንዲህ ሲረዝም ወደ ኋላ ይወስዱታል። በነገራችን ላይ ሲደብርህ "አይ አም ቦሪንግ" ማለቱን ተው፣ "ቦርድ" ነው። ስንቱን ሰው ደባሪ ነኝ ብለህ እንዳስፈራራህ እንጃ።

እስቲ ሦስት አረፍተ ነገር ሠርተህ ላክልኝ። በሦስቱም ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ማን እንደቆመ አይተህ ላክ። ዛሬውኑ እመልስልሃለሁ፣ ሙት!

ቦርሳው? አልተገኘም። በዚያው ሄዷል።

ያንተው