አሸንዳውን ዘንድሮ እናሰራው

ይድረስ ለአባዬ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ስንደዋወል «ህንድ ድረስ ሄደህ ከመጽሐፍ ሌላ ያየኸው የለም?» ብለኸኝ ነበር። ይኸው አየሁ። ዶላቪራ ትባላለች። ጉጃራት ውስጥ፣ ካች በሚባለው ነጭ የጨው በረሃ መሃል ያለች የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ናት። ከኢንደስ ወንዝ ራቅ ትላለች፤ ሥልጣኔው ግን በዚያ ወንዝ ዙሪያ የነበረው፣ የኢንደስ ሸለቆ የሚባለው የጥንት ሥልጣኔ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 3000 ዓመት ገደማ ሰው ሰፍሮባታል።

«ንጉሡ ማን ነበር?» ማለትህ አይቀርም። አይታወቅም። በሰሜኑ በር በኩል ከጄሶ ድንጋይ የተገጣጠሙ 10 ትልልቅ ምልክቶች ተገኝተዋል። እስካሁን ያነበባቸው የለም።

እኔን የገረመኝ ውሃው ነው። የከርሰ ምድሩ ውሃ ጨዋማ ነው። ከተማዋን ግራና ቀኝ የሚያዋስኗት ማንሳርና ማንሃር የሚባሉ ጅረቶችም ዝናብ ሲያልፍ ይደርቃሉ። ሰዎቹ ታዲያ ጅረቶቹን በግድብ እየከተሩ ውሃውን ወደ ከተማ አስገቡት። ትልልቅ ገንዳዎች ቆፈሩ፤ ከአለት የፈለፈሏቸውም አሉ። የምሥራቁ ገንዳ ርዝመቱ 73 ሜትር፣ ጥልቀቱ 10 ሜትር ገደማ ነው። መውረጃ ደረጃም አለው። ምድሩ ተዳፋት ስለሆነ ውሃው ከአንዱ ገንዳ ወደ ሌላው ይወርዳል። ግንቡ ላይ የዘነበውን እንኳ አልተዉትም፤ በድንጋይ ቦይ ሰብስበውታል። እኔ ቤተ መንግሥት ካላት ከተማ ይህቺን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ። እናንተ ውሃ በፈረቃ ስትጠብቁ፣ ሌሊት እየተነሳችሁ ጀሪካን ስትደረድሩ፣ ክረምት ሙሉ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ የአጥሩን ሥር እየሸረሸረ መንገድ ላይ ይፈስሳል። ዘንድሮ አሸንዳ ይገጠም፤ ሮቶም ይገዛ። ለመጠጥ አላልኩም። ለልብስ፣ ለሽንት ቤት፣ ለጎመንህ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ይጠብ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማጠራቀም ነው።

ሒሳቡን ያ የምታነሳው ህንዳዊ አስተማሪህ ባስተማረህ ሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። ጣራችን 60 ካሬ ቢሆን፣ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 600 ሊትር ይሆናል። የሚባክን ቢኖር እንኳ ስንት ጀሪካን እንደሆነ አስበው!

ብሩን እኔና እህቴ እንካፈላለን። አንተ ባለሙያ ጥራና ጣራውን አስለካ። ደግሞ አደራ፣ ራስህ መሰላል ላይ እንዳትወጣ። እማዬን ነግሬያታለሁ።

ልጅህ