ሞተዋል ያልካቸው ሞጁሎች

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እናቴም ደህና ናት፤ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ። ልጽፍለት ነው ስላት "ያ ከሲታ ልጅ ዛሬም አልወፈረም?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በፎቶ አስደግፈህ ላክላት።

እንዲህ የምንጠፋፋ ሰዎች አልነበርንም። ማን ቀድሞ ዝም አለ የሚለውን ግን እንተወው፤ ብንቆጥረው ሁለታችንም ነጻ አንወጣም። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ወሬ ስላለኝ ነው። ያውም አንተን የሚያናድድ ወሬ።

ያቺን ካርቶን ታስታውሳታለህ? ወደ አዳማ ስትሄድ "ጣላት፣ ውስጧ ያለው ሁሉ ሞቷል" ብለህ ትተሃት የሄድከውን? አልጣልኳትም። ክረምት ገብቶ የጅማው መርካቶአችን በጭቃ ሲዋጥ ደንበኛ ይጠፋል። ስልክ የሚያሰራው ሰው እንኳ ዝናቡ እስኪያባራ ይታገሳል። እኔም ስራ ስፈታ ካርቶኗን ከመደርደሪያው ስር አውጥቼ ከፈትኳት። ኢኤስፒ-12ኤፍ ሞጁሎችህ፣ እነዚያ ዋይፋይ ያላቸው ትንንሽ የኮምፒውተር ቦርዶች፣ እንዳሉ ናቸው። ሁለቱ ላይ የበየድካቸው ቀጫጭን ሽቦዎችም እንዳሉ ናቸው።

ነገሩን ላሳጥርልህ፤ አልሞቱም። ከአንዷ በቀር ሁሉም ይሰራሉ። የመጀመሪያዋ ችግር ረሃብ ነበር፤ የኃይል ረሃብ።

የመጀመሪያዋን ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኛት የዩኤስቢ መቀየሪያ ጋር አያይዘህ ነው የተውካት። 3.3 ቮልቱን የምትወስደው በቀጥታ ከመቀየሪያው ነው። መቀየሪያው ኤፍቲ232 ነው፤ የዚያ ቺፕ 3.3 እግር ደግሞ ቢበዛ 50 ሚሊአምፕ ነው የሚሰጠው። ሞጁሉ ዋይፋዩን ከፍቶ ሲያስተላልፍ 170 ሚሊአምፕ አካባቢ በአንዴ ይስባል። አምራቾቹ ራሳቸው 500 ሚሊአምፕ የሚችል ምንጭ ስጡት ይላሉ። ሶፍትዌሩ ሲጫን ምንም ችግር አይታይም፤ ያን ጊዜ ዋይፋዩ ዝግ ነዋ። ከዚያ ይነሳል፤ አንቴናውን ሊጠቀም ሲል ቮልቱ ይወድቃል። ይጠፋና እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ያቺ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ብልጭ ትላለች፣ ድርግም ትላለች፣ ደግሞ ብልጭ። አንተ ይህን አይተህ "ፌክ ነው የሸጡልኝ" ብለህ ነጋዴውን ስትራገም ከረምክ።

በዚህ ጉዳይ ቴስተር አይታመንም። እግሩ ላይ ለካሁት፤ 3.28 ይላል፣ ንቅንቅ አይልም። ቮልቱ የሚወድቀው ለቅጽበት ስለሆነ ቴስተሩ አይደርስበትም። ኦሲሎስኮፕ ቢኖር በዓይን ይታይ ነበር፤ እሱን ለማግኘት ግን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ድረስ ሄጄ ሰው መለመን ሊኖርብኝ ነው። ሳልሄድ ተገላገልኩ። ከድሮ የስልክ ቻርጀር 5 ቮልት ወሰድኩ። መሀል ላይ ኤኤምኤስ1117 የሚባለውን ሬጉሌተር፣ ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርደውን፣ አስገባሁ። ከዚያ ኃይል አጠራቅሞ ለዚያች ቅጽበት የሚለቅ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አጠገቡ ደግሞ አንድ 100 ናኖፋራድ፣ ሁለቱንም ከሞጁሉ እግር ሥር በየድኳቸው። ቦታው ወሳኝ ነው። ካፓሲተሩ ሬጉሌተሩ ጋ ርቆ ከተቀመጠ ቀጭኑ ሽቦ መሀል ላይ ሆኖ ስራውን ያበላሻል። የመቀየሪያውና የሬጉሌተሩ ግራውንድ፣ ማለትም የዜሮ ቮልት መስመራቸው፣ አንድ መሆን እንዳለበት ላንተ አልነግርህም። ኃይል ሰጠኋት፤ መብራቷ አንዴ ብልጭ ብላ ጸጥ አለች። ስልኬን ሳወጣ ያኔ የጫንክባት ዋይፋይ ከነስሙ ብቅ አለ። የዚያች የጎረቤታችን ልጅ ስም! እኔ ምንም አላልኩም።

ሁለተኛዋ ሌላ ጣጣ ነው ያላት። እውነቱን ልንገርህ፣ ኖድኤምሲዩ የሚባለው ሁሉ ነገር የተሟላለት ቦርድ አበላሽቶናል። ዩኤስቢ ትሰካለህ፣ ኮድህን ትጭናለህ፣ አለቀ። ቦርዱ ጓዳ ሆኖ የሚሰራልህን አታይም። ባዶው ሞጁል ላይ ግን ሁሉም ያንተ ስራ ነው። ኢኤን (ቺፑን የሚያነቃው እግር) እና ሪሴትን በ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ወደ 3.3 መሳብ አለብህ። ጂፒአይኦ ከሚባሉት ባለ ቁጥር እግሮች ደግሞ ጂፒአይኦ2 ሞጁሉ ሲነሳ ከፍ ብሎ፣ 3.3 ላይ፣ ይቆይ። ጂፒአይኦ15 ደግሞ በሬዚስተር ወደ ግራውንድ መውረድ አለበት። አንተ 15ን እንዲሁ አንጠልጥለህ ነው የተውካት። ጂፒአይኦ0ን ታውቀዋለህ፤ ሲነሳ ግራውንድ ከነካ ሶፍትዌር ለመቀበል ይጠብቃል፣ ካልነካ የተጫነበትን ያስነሳል። ይህንን የሚያየው ግን በሚነሳበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከተነሳ በኋላ ቀኑን ሙሉ ግራውንድ ብታስነካው አይሰማህም። መጀመሪያ ግራውንድ፣ ከዚያ ሪሴት።

አሁን ደስ ያለኝን ልንገርህ። ሞጁሉ ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚተፋው ዝብርቅርቅ ፊደል ትዝ ይልሃል? "ቻይንኛ ነው" ብለህ የሳቅክበት? በ115200 ፍጥነት (ቢት በሰከንድ) ስለምናነበው ነው እንዲያ የሚሆነው። ከፋብሪካው በቺፑ ውስጥ የተጻፈው የሮም ፕሮግራም፣ የቺፑን ምት የሚመታ 40 ሜጋኸርዝ ክሪስታል እንዳለ አድርጎ ነው የሚያሰላው። ሞጁሉ ላይ ያለው ክሪስታል ግን 26 ነው። 115200ን በ26 አባዛና ለ40 አካፍል፤ 74880 ይመጣልሃል። ሲሪያል ሞኒተሩን፣ ኮምፒውተሩ ላይ ጽሑፉን የምናነብበትን መስኮት፣ 74880 ላይ አድርገህ ሪሴት ስትነካ ጥርት ያለ ጽሑፍ ይወጣል። ጃንዋሪ 8፣ 2013 የሚል ቀን፣ የሪሴቱ ምክንያት፣ ከዚያ ቡት ሞድ ብሎ በቅንፍ ሁለት ቁጥር። የፊተኛዋን ቁጥር እያት። 1 ከሆነች ሶፍትዌር እየጠበቀ ነው። 3 ከሆነች የተጫነበትን እያስነሳ ነው። ከ4 ጀምሮ ከሆነች 15 ቁጥር እግር ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ኤስዲአይኦ ከሚባል ሌላ የመገናኛ መስመር ትእዛዝ እየጠበቀ ቆሟል። ያንተዋ ሁለተኛ 7 ትል ነበር። አንድ ሬዚስተር በየድኩባት፣ 3 አለች። አለቀ። ይህን ቁጥር ሳያይ ሞጁል የሚጥል ሰው ካየህ እጁን ያዝልኝ።

መጫኑ ብዙ ወሬ የለውም። ቲኤክስና አርኤክስ (መላኪያውና መቀበያው ሽቦ) ተሻግረው፣ የመቀየሪያው ጃምፐር 3.3 ላይ ሆኖ፣ ኢኤስፒቱል በሚባለው መጫኛ ፕሮግራም መጀመሪያ ፍላሹን፣ ማለትም ማስታወሻዋን፣ አጠፋሁ፤ ከዚያ ማይክሮፓይተንን፣ ለትንንሽ ቺፕ የተሰራውን ፓይተን፣ ከአድራሻ 0 ጀምሬ ጻፍኩ። 4 ሜጋባይት እንዳላት ራሱ አወቀ። ጂፒአይኦ0ን ከግራውንድ ነቅዬ ሪሴት ሳደርግ ማይክሮፓይተን የሚል ዋይፋይ ወጣ። የይለፍ ቃሉም ያው ማይክሮፓይተን ነው፤ የመጨረሻዋ ኤን ብቻ ትልቅ ናት። ይህችን ማን እንዳሰባት እንጃ፣ ብዙ ሰው አጉላልታለች።

አንዷ ብቻ ነች በእርግጥ የሞተችው። ኃይል ስትሰጣት ቆርቆሮዋ ጣት ያቃጥላል። 5 ቮልት ቀምሳለች። ማን እንዳቀመሳት አልጠይቅም።

ደግሞ ለጨዋታ ብቻ እንዳይመስልህ። የአጎቴ ልጅ በአጋሮ መንገድ የቡና መጋዘን እንዳለው ታውቃለህ። ጀንፈሉን በማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ እርጥበቱን 11 እና 12 በመቶ ውስጥ ያወርደዋል። ከዚያ የጅማ ክረምት ይመጣና ቡናው ከአየሩ እርጥበት መልሶ ይጠጣል። ሻጋታው ሽታው ሳይወጣ አይታወቅም። እና ዲኤችቲ22 ሴንሰር ከሞጁሉ ጋር አገናኝቼ ከጆንያዎቹ መሀል ላስቀምጥለት ነው። የመጋዘኑን አየር እርጥበት በየሰዓቱ ይልካል፤ ከ60 በመቶ አልፎ ከሰነበተ ጆንያው ይገላበጣል። የአጎቴ ልጅ ግን "ቡናን በእጄ ጨብጬ አውቀዋለሁ" ይላል። ያውቃል፣ አልክድም። ሌሊት ግን ተኝቷል።

እዚህ ላይ ነው አንተ የምታስፈልገኝ። መጋዘኑ ውስጥ መብራት አይታመንም፤ ስለዚህ በሊቲየም ባትሪ መስራት አለበት። ሞጁሉ በጥልቅ እንቅልፍ 20 ማይክሮአምፕ ብቻ ነው የሚወስደው። ጂፒአይኦ16ን ከሪሴት ጋር አገናኝተህ ሰዓት ትሞላለታለህ፤ ራሱን ይቀሰቅሳል። በአንዴ ከአንድ ሰዓት በላይ መተኛት ይችላል፤ ለእኔ በቂ ነው። የሚያስቸግረኝ ሬጉሌተሩ ነው። ኤኤምኤስ1117 ከመግቢያው 1.1 ቮልት አካባቢ ይበላል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ እንኳ 4.2 ነው፤ ትንሽ ሲወርድ ሞጁሉ ያቺን የድሮ ረሃብ ይራባል። በዚያ ላይ ሬጉሌተሩ ራሱ፣ ምንም ሳይሰራ፣ 5 ሚሊአምፕ አካባቢ ይጠጣል። ሞጁሉ 20 ማይክሮአምፕ ቆጥቦ ሬጉሌተሩ የዚያን 250 እጥፍ ሲያፈስ ምን ዋጋ አለው?

የሚያስፈልገኝ ከባትሪው ቮልት ትንሽ ብቻ የሚቀንስ፣ ሲተኛ በማይክሮአምፕ የሚቆጠር የሚጠጣ፣ ሲነሳ ግን ቢያንስ 300 ሚሊአምፕ የሚችል ባለ 3.3 ሬጉሌተር ነው። ጅማ ዞሬ አጣሁት፤ ሁሉም መደርደሪያ ላይ ያው 1117 ነው። አንተ አዲስ አበባ ስትወጣ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆቹን ጠይቅልኝ። ከመግዛትህ በፊት የቺፑን ሙሉ ቁጥር ጻፍልኝ፣ መመሪያውን አይቼ እነግርሃለሁ። ኮዱንም አንተ ብትጽፈው እወዳለሁ፤ ዋይፋዩ ካልተገኘ ባትሪውን ሳይጨርስ ተመልሶ እንዲተኛ አድርገው። ስታገኘው ወደ ጅማ በሚመጣ አውቶቡስ ሹፌር እጅ ብትልከው መናኸሪያ ሄጄ እቀበላለሁ። ሂሳቡን ደግሞ ሳታፍር ንገረኝ።

ልጆቹን ሳምልኝ።

ያንተው፣
የመርካቶው