ጉልበታቸው የተቀየረላቸው አረጋውያን እንዳይወድቁ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ወደ ደሴ የሚመለሱ አረጋውያን በመውደቅ አደጋ ላይ መሆናቸው ተገቢውን ትኩረት አላገኘም። ቁስሉ ሲደርቅ ቤተሰብ «ድነዋል» ብሎ ምርኩዙን ያስጥላል። የፊተኛው የጭን ጡንቻ ግን ገና ደካማ ነው፤ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ጠንከር ያለ የሕመም ማስታገሻ የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ከአልጋ ብድግ ሲሉ ያዞራቸዋል።

የከተማችን አቀማመጥ ችግሩን ያባብሰዋል። በጦሳ ተራራ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች ስንቱ ቤት በድንጋይ ደረጃ የሚወጣበት ነው፤ መጸዳጃው ከግቢው ጥግ፣ በሐምሌና በነሐሴ መሬቱ የሚያዳልጥ። ሌሊት በጨለማ፣ ነጠላ ጫማ አጥልቀው፣ ግድግዳ እየዳበሱ የሚወጡ እናቶች ነገር እጅግ ያሳስበኛል።

ምርኩዝ በደህናው እግር በኩል እንደሚያዝ፣ ደረጃ ሲወጣ ደህናው፣ ሲወረድ የታከመው እግር እንደሚቀድም የሚያውቅ አስታማሚ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሆስፒታሎች ታካሚውን ከመሸኘታቸው በፊት ይህን አስታማሚው በተገኘበት፣ ደረጃ ላይ ያለማምዱ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤት ድረስ ሄደው የሚያደናቅፍ ምንጣፍ እንዲነሳ፣ ለመጸዳጃው መብራትና መደገፊያ ብረት እንዲገጠም ቤተሰቡን ያማክሩ።

አንድ አንባቢ፣ ከደሴ