ይድረስ ለአባባ፦ ስለ ቤሬታው ሽጉጥ ጉዳይ

ጅማ፣ መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የዓይንዎ ፋሻ ተነሥቶ ሰው መለየት እንደ ጀመሩ እህቴ ስትነግረኝ በደስታ አለቀስኩ። እዚህ ዝናቡ ገና አልለቀቀንም፤ ጠዋት ጠዋት ጅሬን በጉም ተሸፍኖ ነው የሚያድረው። ቢሆንም ጓሮ ያለው ቡና መቅላት ጀምሯል፤ ሲመጡ ለቀማው ላይ ይደርሳሉ።

ባለፈው ሳምንት በስልክ «ቤሬታው አርጅቷል፣ እኔም አርጅቻለሁ፤ ከመምጣቴ በፊት በኪስ የሚያዝ ትንሽ ስድስት ጎራሽ ፈልጊልኝ» ብለውኝ ነበር። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ነገሩ ግን በስልክ የሚያልቅ ስላልሆነ ደብዳቤ ጻፍኩ። እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ፤ ከመሃል ቢቆጡ እንኳ እስከ መጨረሻው ያስጨርሷት።

መጀመሪያ ቤሬታውን ልወልውል ብዬ ከሳጥኑ አወጣሁት። ልጅ ሳለሁ ባስተማሩኝ መሠረት ካዝናውን ነቀልኩ፣ አፈሙዙን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አዞርኩ፣ የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ሳብኩ። ጥይት ተስፈንጥሮ ፍራሹ ላይ ወደቀ። ጎርሶ ነበር አባባ! ያ ክፍል አሁን የልጅ ልጅዎ የሚተኛበት ነው። የሳጥኑም ቁልፍ እዚያው ላይ ተሰክቶ ነበር።

ያን ቀን እጄ እየተንቀጠቀጠ አልጋው ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። «መሣሪያ ስትቀበዪም ስታቀብዪም ባዶነቱን በዓይንሽም በጣትሽም አረጋግጪ» ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ያንን ይዤ ነው ፖሊስ ቤት ገብቼ መሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ 19 ዓመት የሠራሁት። በእነዚያ ዓመታት በስህተት ሰው አቁስሎ የመጣ ሁሉ ሲጠየቅ ቃሉ አንድ ነበር፤ «ባዶ መስሎኝ ነው» ይላል።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር፤ ኋላ ግን ምክንያቱ ገባኝ። የዚህ ሽጉጥ ሞላ ከባድ ነው። ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚመጣውን ኃይል የሚያቆመው የላይኛው ብረት ክብደትና ሞላው ብቻ ስለሆነ፣ ሞላው ጠንካራ እንዲሆን ተደርጎ ነው የተሠራው። (ሞላ የሚለውን ቃል ራሱን ከሽጉጡ ጋር ያገኘነው ከጣሊያን ነው።) የጣትዎ አንጓዎች ካበጡ ወዲህ ማቀባበል አቅቶዎታል፤ ለእኔ ግን አልነገሩኝም። አንድ ሰው አቀባብሎ ሰጥቶዎት፣ በጭንቅ ጊዜ እንዳይቸገሩ እንደ ጎረሰ አስቀመጡት። ማን እንደሆነ አልጠይቅዎትም። ሴፍቲውን እንዳዞሩት አይቻለሁ፤ ነገር ግን የዚህ ሽጉጥ ሴፍቲ ምላጩን እንጂ መዶሻውን አይቆልፍም። ካዝናውን ነቅለው ቢያስቀምጡትም የጎረሰውን ጥይት ይተኩሳል። ይህን ሕፃን ልጅ አያውቅም፤ ብዙ አዋቂም አያውቅም።

ሌላም አለ። ካዝናው ውስጥ ከቀሩት ስድስት ጥይቶች ሁለቱ ማካሮቭ የሚባለው የሩሲያ ሽጉጥ ጥይቶች ናቸው። የሸጠልዎት ሰው «ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ያው ዘጠኝ ነው» ብሎዎት ይሆናል። አይደለም። የቤሬታው ጥይት ዘጠኝ ኮርቶ የሚባለው ነው፤ ቀለሁ 17 ሚሊ ሜትር ርዝመት አለው። የማካሮቭ 18 ነው፤ እርሳሱም ወፈር ይላል፣ 9.27 ሚሊ ሜትር ገደማ። ልዩነቱ በዓይን አይታይም። ካዝናው ውስጥ ይገባል፣ ሲቀባበል ግን በደንብ ሳይገባ ይነክሳል። በሌሊት ሌባ ጓሮ ገብቶ ሽጉጥዎ ቢነክስ ምን ያደርጋሉ? በጣትዎ ሊያላቅቁት አይችሉም። ሁለቱን ጥይቶች ለይቼ ለፖሊስ አስረክቤያለሁ።

ስለዚህ ቤሬታውን ልቀይር ማለትዎ ልክ ነው። የማልስማማው በአቀያየሩ ነው።

ጎረቤታችን ያሉዎትን ነገር፣ በሰው በሰው የሚሸጠውን የቱርክ ሽጉጥ፣ እባክዎን ይተዉት። ኤግዚቢት ሆነው ከገቡት ውስጥ ለድምፅ ብቻ ተሠርተው ኋላ ቱቦአቸው ተበስቶ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩሱ የተደረጉ አይቻለሁ። ቱቦው የተሰነጠቀም፣ የተኳሹን ጣት ይዞ የሄደም ነበረበት። ደግሞም ያለ ፈቃድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ወንጀል ነው። በዚህ ዕድሜዎ እርስዎን ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ መጠበቅ አልፈልግም።

አጋሮ ያሉት ነጋዴ ወዳጅዎ ኮልት ሽጉጣቸውን በሕጋዊ መንገድ ሊያስተላልፉልዎ ፈቃደኛ መሆናቸውን ነግረውኝ ሄጄ አየሁት። ውብ ነው። ከ1927 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሠራ የኖረው ዲቴክቲቭ ስፔሻል የሚባለው ዓይነት ነው፤ ቱቦው አምስት ሴንቲ ሜትር፣ ጥይቱ ስድስት። መጀመሪያ ልቤ ሄደበት። ነገር ግን ባዶነቱን አረጋግጬ መዶሻውን በጣም ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ስስበው፣ ጥይት የሚጎርሰው መዘውር ከስድስቱ በሁለቱ ላይ ቦታው ሳይደርስ ቀረ። ያ ማለት የጥይቱ ቤትና ቱቦው ትይዩ ሳይሆኑ ሊተኮስ ይችላል ማለት ነው፤ እርሳሱ ይላጥና ፍንጣሪው በጎን ይወጣል፣ አጠገብዎ የቆመውን ሰው ፊት ይመታል። የድሮ ኮልት ሲያረጅ የሚይዘው በሽታ ይኸው ነው። የሚያድነው በእጅ እየሞረደ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው፤ እሱን ደግሞ እዚህ አላውቅም። ባለቤቱን ዕቃቸውን ላለማሳነስ «አባባ ሲመጡ ያዩታል» ብዬ ተመለስኩ። እርስዎ ግን አይዩት።

ሦስተኛው ሽጉጥ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ነው ያለው። የሟቹ የፖሊስ ወዳጅዎ ባለቤት እትዬ ዘንድ የባላቸው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን አለ። ቺፍስ ስፔሻል ይባላል፤ በ1950 በፈረንጅ አቆጣጠር የወጣ ነው። አምስት ጥይት ብቻ ይጎርሳል፤ ስለዚህ ወገቡ ቀጠን ይላል፣ ካፖርት ኪስ ውስጥ ጎልቶ አይታይም። ሙሉ ብረት ነው፤ ክብደቱ 550 ግራም ገደማ፤ ከቤሬታው መቶ ግራም ያህል ይቀላል። አምስቱንም ቤት እየቆለፈ ይዞራል። ቱቦውን በባትሪ አየሁት፣ አልተበላም። በቀኝ ጎኑ ላይ ብቻ የዝገት ነጠብጣብ አለ። ቁጥሩና ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ነው። እትዬ ገንዘብም አልፈለጉም፤ «እሳቸው እጅ ከገባ ደስ ይለኛል፣ ቤቴ ውስጥ ግን አይደር» አሉኝ።

ለእርስዎ የሚሆነው ለምንድን ነው? ማቀባበል የለበትም። በአውራ ጣትዎ መቆለፊያውን ወደ ፊት ገፍተው መዘውሩን ወደ ግራ ሲያወጡት አምስቱም ቤት ፊትዎ ይታያል፤ ጥይት ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ተደብቆ የሚቀር ጥይት የለውም። ዓይንዎ ቢደክም በጣትዎ አንድ ሁለት እያሉ ይቆጥሩታል። ቢወድቅ እንኳ ምላጩ እስካልተሳበ ድረስ መዶሻው ካፕሱሉን እንዳይመታ የሚያግድ ብረት ውስጡ አለ። ቤሬታው ይህ የለውም።

አጎቴ ደግሞ «ከአሉሚኒየም የተሠራ ቀላሉን ይፈልጉ፣ 400 ግራም ምናምን ነው» ብሏል አሉ። ኪስ ውስጥ ይመቻል፣ እውነት ነው። ሲተኮስ ግን ያው ጥይት ነው፤ ክብደቱ የቀነሰውን ያህል እጅ ላይ ይመታል። እኔ ለሙከራ አምስት ጥይት ተኩሼበት ማታ እንጀራ ስቆርስ መዳፌ ያመኝ ነበር። ለእርስዎ አንጓ አይሆንም። ለእርስዎ ክብደት ወዳጅ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

ይህ ሽጉጥ የማቀባበሉን ችግር ይፈታል እንጂ የእጅን ድካም ሁሉ አይፈታም። ምላጩ ረጅምና ከባድ ነው፤ አምስት ኪሎ ገደማ ይጠይቃል። በአንድ ጣት አምስት ኪሎ ቡና እንደ ማንሳት ያስቡት። አውቃለሁ፣ «መዶሻውን በአውራ ጣቴ አስቀድሜ እስበዋለሁ፣ ያኔ ይቀላል» ይሉኛል። ይቀላል፤ በጣም ይቀላል፣ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ይወርዳል። አደጋውም እሱ ነው። ጓሮ ያለው ጥላ ሌባ ሳይሆን የጎረቤት ልጅ ሆኖ ቢገኝስ? ያን ጊዜ የተሳበውን መዶሻ በሚንቀጠቀጥ አውራ ጣት ቀስ አድርጎ መመለስ ያስፈልጋል። እርስዎ አሁን የቡና ሲኒ እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚይዙት። ይህን ስጽፍልዎ ልቤ እያዘነ ነው፤ ግን ካልጻፍኩት ልጅዎ አይደለሁም።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። ሲመጡ እትዬ ቤት አብረን እንሄዳለን። አምስቱንም ቤት ባዶ ቀለህ እሞላበታለሁ። ግድግዳው ላይ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ምልክት አደርጋለሁ፤ ከአምስት እርምጃ፣ መዶሻውን ሳይነኩ፣ በምላጩ ብቻ አምስት ጊዜ ይስባሉ። አፈሙዙ ከምልክቱ ሳይወጣ አምስቱንም ከሳቡ ሽጉጡ የእርስዎ ነው፤ እኔው ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ወስጄ ዝውውሩን አስፈጽማለሁ። ካልቻሉ ደግሞ ሽጉጥ የሚባል ነገር በቤታችን አይኖርም። ፈራጁ እርስዎ ይሁኑ፤ እኔ ምንም አልናገርም። አንድ ጊዜም ቢሆን ለራስዎ አድልተው አያውቁም።

አምና ከማድረቂያው አልጋ ላይ ሁለት ሌሊት ቡና መወሰዱ እንዳናደደዎት አውቃለሁ። ዘንድሮ አልጋውን ወደ ቤቱ አስጠግቼ አሠርቻለሁ፤ መብራትም አስገብቼበታለሁ፤ ዘበኛውም ከማታ እስከ ንጋት አለ። ገንዘቡም በባንክ ነው የሚሄደው። ከአጋሮ በሻንጣ ብር ይዘው በጭቃ መንገድ የሚመለሱበት፣ እናቴም መስኮት ላይ ቆማ የምታመሽበት ዘመን አልፏል። ሽጉጡ ያን ዘመን በሚገባ አገልግሏል።

ቤሬታውን በተመለከተ። ፈቃድዎ ላይ የተጻፈው አንድ መሣሪያ ነው፤ አዲሱ ሲገባ እሱ ይወጣል፣ ለመንግሥት እናስረክበዋለን። ይህ እንደሚከብድዎት አውቃለሁ። አያቴ በሰኔ 1933 ጣሊያን ጅማን ሲለቅ ከአንድ መኮንን እጅ የተቀበሉት ነው። ስወለውለው ዘውዱንና የጣሊያን ጦር ማኅተሙን አየሁት፤ ከላዩ በፈረንጅ አቆጣጠር 1937 ተብሎ ከጎኑ በሮማ ቁጥር 15 ተቀርጿል፤ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት የሚቆጠር ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ጭረቶች ሁሉ ግን የሠሩት አያቴና እርስዎ ናችሁ። እጀታው ላይ ያለችው ስንጥቅ በሊሙ መንገድ ከበቅሎ ሲወድቁ የተሰነጠቀች መሆኗን ስንት ጊዜ ነግረውኛል!

አንድ ነገር ደግሞ፤ ወገብ ላይ በሚታሰረው የቆዳ ማህደሩ ውስጥ አስቀምጠውት በመክረሙ ቆዳው እርጥበት ይዞ ጎኑን በዝገት አበላሽቶታል፤ ጥይቶቹም አረንጓዴ አውጥተዋል። የጅማ ክረምት ለቆዳ ማህደር አይሆንም። አዲሱ ቢመጣ በዘይት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ባዶውን፣ በሚቆለፍ የብረት ሣጥን ይቀመጣል፤ ጥይቱ ሌላ ቦታ፣ ቁልፉ አንገትዎ ላይ።

ማህደሩ ግን መሣሪያ አይደለም፤ ማንም አይጠይቀንም። በሣር ሳሙና አጥቤ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ ምድጃው አጠገብ አንጠልጥዬዋለሁ። ቆዳው መለስለስ ጀምሯል። ሳሎን ውስጥ ከአያቴ ፎቶ በታች ምስማር መትቻለሁ፤ ቁመቱ እጅዎ የሚደርስበት መሆኑን ሲመጡ ያዩልኛል።

የዓይን ጠብታውን እንዳይረሱ። የሚነሡበትን ቀን እህቴ ከአንድ ቀን በፊት ትንገረኝ፤ መነኻሪያ ቆሜ እጠብቅዎታለሁ።

እግርዎን ስሜ፣
ልጅዎ