ከሁለት ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ስለ አንድ ካውያ

እህት ዓለሜ፣

መጀመሪያ ስድቡን ልቀበል። ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ፣ ዛሬ ጉዳይ ሲኖረኝ ብቅ አልኩ። "ነገ እመልስላታለሁ" ስል ነገው ወር ሆነ፣ ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ይቅር በይኝ። ቀሪውን ስድብ ስንገናኝ ትጨርሺዋለሽ።

በሚቀጥለው ሐሙስ 42 ተማሪ ይዤ እናንተ ሙዚየም እመጣለሁ። አትሳቂ! አዎ፣ ባለፈው ጉብኝት ከገጠመን የአውቶቡስ ጉድ በኋላ "ሁለተኛ አይለምደኝም" ብዬ የማልኩት እኔው ነኝ።

አውቶቡሱስ ቀልድ ሆኖ አለፈ። ያልነገርኩሽ ሌላ ነገር አለ። ያኔ ተማሪዎቼን እናንተ ሙዚየም ያመጣሁ ቀን አንቺ ፈቃድ ላይ ነበርሽ። ስትመለሺ "እንዴት ነበር?" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያልመለስኩልሽ መልእክት እሱ ነው።

ለእያንዳንዱ ልጅ 30 ጥያቄ ያለበት ወረቀት አድዬ ነበር። መቼ ተሠራ? ከምን ተሠራ? ማን ሰጠው? ልጆቹ ዕቃውን ቀና ብለው አላዩትም። ከሥሩ የተለጠፈችውን ጽሑፍ ይገለብጣሉ። አንዱ ጎበዝ ይጽፋል፣ አምስቱ ከሱ ይቀዳሉ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ "ቶሎ በሉ፣ ቀጥሉ!" እላለሁ።

አንዲት ልጅ ብቻ የከሰል ካውያው ፊት ቆማ ቀረች። ወረቀቷ ባዶ ነው። "መያዣው ለምን በአንድ በኩል ብቻ አለቀ?" አለችኝ። እውነትም እንጨቱ ተበልቶ ጎድጉዷል። እኔ አላየሁትም ነበር። "የያዘው ሰው ግራኝ ነበር እንዴ? ወይስ ብዙ ሰው ነው የያዘው?"

ምን አልኳት መሰለሽ? "ጥያቄ 14 ደርሰሻል?" እጇን ይዤ ጎተትኳት። በዚያ ሁሉ ልጅ መሀል የታሪክ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ብቻ ነበረች። ዝም ያሰኘኋት ደግሞ የታሪክ አስተማሪዋ።

ጸጸቱ ማንበብ አስጀመረኝ። ፎክና ዲርኪንግ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጥናት 128 ልጆችንና አዋቂዎችን ስለ ድሮ የትምህርት ቤት ጉብኝታቸው ጠይቀዋል። ከዓመታት በኋላም ሁሉም ማለት ይቻላል የሚያስታውሱት ነገር ነበራቸው። ሌላው ሰው ይኼን ሲያነብ ደስ ይለው ይሆናል፤ እኔ ደነገጥኩ። እሷስ የምታስታውሰው ካውያውን ነው ወይስ ጉተታዬን?

ደግሞም ልጅ አዲስ ቦታ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ቦታው ነው ይላሉ። ሽንት ቤቱ የት ነው? መቼ ነው የምንበላው? እሱ ሳይመለስለት ሌላ ነገር አይገባውም። ስለዚህ ዘንድሮ የቀኑን ፕሮግራም በሙሉ አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። ሽንት ቤቱን ጭምር። ሳቁብኝ፣ ግን በደንብ ሰሙ።

ወረቀቱንም ቀደድኩት። አሁን ያለኝ አንድ ትእዛዝ ነው፦ አንድ ዕቃ ምረጡ፣ ፊቱ ቁጭ በሉ፣ ሳሉት፣ ከዚያ ጽሑፉ የማይመልሰውን አንድ ነገር ጠይቁ። አለቃዬ "ታዲያ ለመማራቸው ማስረጃው የታለ?" እያለ ነው። ለጊዜው እየሸሸሁት ነው።

አንቺን የምለምንሽ እዚህ ጋ ነው። ልጆች የሚነኩት ነገር ይኖራችኋል? የእጅ ላብና ወዝ ብረቱን እንደሚበላው አውቃለሁ፣ ዋናውን አልጠይቅም። ለመነካካት ብላችሁ ለብቻ ያስቀመጣችሁት ካለ ግን... ብቻ አንቺ ታውቂያለሽ። እባክሽ ያን ቀን ፈቃድ አትውጪ።

ልጅቷ ዘንድሮም እኔ ክፍል ናት። ይቅርታ ልበላት እላለሁ፣ መልሼ ደግሞ ረስታው ከሆነ ምን ላስታውሳት ነው እላለሁ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? አይ፣ ተዪው፣ ስንገናኝ ትነግሪኛለሽ።

ካውያው ግን አሁንም እዚያው ነው አይደል? መጋዘን አስገብታችሁት ከሆነ ወዮልሽ!

ያቺው ጠፊዋ