የቅሬታ ደብዳቤ፦ ሳይለካ ተስተካክሏል ስለተባለው የጠረጴዛ መጋዝ

ለማሽን ጥገና ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በቤቴ የተከናወነው የእንጨት ሥራ ማሽኖች ጥገና እንደገና እንዲሠራልኝ ስለመጠየቅ

ከሦስት ሳምንት በፊት ባለሙያችሁ ቤቴ ድረስ መጥተው የጠረጴዛ መጋዜንና የመላጊያ ማሽኔን እንዲያስተካክሉና ሰርቪስ እንዲያደርጉ በተስማማነው መሠረት ክፍያውን አስቀድሜ ፈጽሜአለሁ። ባለሙያው በሰዓታቸው መድረሳቸውንና ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ሁለቱንም ማሽኖች ከኤሌክትሪክ መንቀላቸውን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም። ይሁንና ማሽኖቹ አሁን የሚገኙት ከጥገናው በፊት ከነበሩበት በባሰ ሁኔታ ላይ ነው።

ዋናው ጉዳይ የጠረጴዛ መጋዙ ነው። አገልግሎቱን የጠየቅሁት እንጨት በርዝመቱ ስሰነጥቅ የተቆረጠው ጠርዝ እየተቃጠለ ስለሚጠቁር መሆኑን በስልክም በአካልም ተናግሬአለሁ። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም አስቀድሞ መታየት ያለበት ላማው (የሚሽከረከረው የመጋዙ ስለት) በጠረጴዛው ላይ ከተቀረጸው ቦይ ጋር ትይዩ መሆኑ ነው፤ ጋይዱ፣ ማለትም እንጨቱ ሲቆረጥ ጎኑን ተደግፎ የሚሄድበት ቀጥ ያለ መምሪያ፣ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ፣ ያንኑ ቦይ መነሻ በማድረግ ነው። ባለሙያው ግን ላማውን ሳይለኩ ጋይዱን ብቻ ከቦዩ ጋር አስተካክለው ብሎኖቹን አጠበቁ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ችግሩን ለማስታገስ ጋይዱን ከኋላ በኩል በጥቂቱ ከፈት አድርጌ እሠራ ስለነበር፣ እሳቸው ቀጥ ሲያደርጉት ያቺ ትንሽ መተንፈሻም ጠፋች።

ከሄዱ በኋላ ራሴ ለካሁ። ከላማው ጥርሶች አንዱን በቀለም ምልክት አድርጌ፣ ከቦዩ እስከዚያ ጥርስ ያለውን ርቀት ከፊት በኩል ከለካሁ በኋላ፣ ላማውን በእጄ አዙሬ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ ወስጄ ስለካው የ0.9 ሚሊ ሜትር ልዩነት አገኘሁ። (የሚለካው አንድ ጥርስ ብቻ ስለሆነ ላማው ራሱ ጥቂት ተጣሞ ቢሆን እንኳ ልኬቱ አይዛባም።) በዚህ ሥራ ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የእኔ ላማ ኋላው ወደ ጋይዱ ያዘነበለ በመሆኑ እንጨቱ በሁለቱ መካከል ይጣበቃል። ጥገናው በተደረገ በሦስተኛው ቀን ያስገባሁት ሳንቃ ከኋላ በኩል ወደ ላይ በሚወጡት ጥርሶች ተይዞ ወደ እኔ ተወረወረና ከበስተጀርባዬ ያለውን ግድግዳ መታ። ከላማው መስመር ወጣ ብዬ መቆም ልማዴ ባይሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከቤቴ ሆኜ አይሆንም ነበር።

በመላጊያ ማሽኑ ላይ ሦስቱም ስለቶች ተቀይረዋል፤ ነገር ግን አንደኛው ከሁለቱ ከፍ ብሎ ስለታሰረ የሚልገው እሱ ብቻ ነው። እንጨቱን የሚቀበለው የኋላው ጠረጴዛም ከስለቶቹ ከፍተኛ ነጥብ ዝቅ ብሎ ስለቀረ፣ ማንኛውም ጣውላ ሊያልቅ ሲል መጨረሻው ላይ ይጎደጉዳል። የመጋዙን ላማ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ማርሽ ደግሞ ዘይት ተቀብቶ ስለነበር ሰጋቱራውን ሰብስቦ ጭቃ ሆኗል፤ እጀታውን ማዞር ዛሬ ትግል ነው። አቧራ የማይዝ ደረቅ ማለስለሻ ወይም ሰም ይበቃው ነበር።

ይህን በስልክ ሳስረዳ የተሰጠኝ መልስ ማሽኑ አርጅቷል፣ የሥራ መረከቢያው ላይም ፈርመሃል የሚል ነው። በርግጥ አንድም እንጨት ሳልቆርጥ መፈረሜ የእኔ ስህተት ነው። ነገር ግን እርጅና ላማን ሊያዛባ ቢችልም፣ ያልተለካ ላማ ተስተካክሏል ተብሎ እንዲጻፍ ምክንያት አይሆንም፤ ላማውን ከተሸከመው አካል ጋር የያዙት ብሎኖች ላይ ያለው የቆየ አቧራም ማንም እንዳልነካቸው ያሳያል።

ስለዚህ የዳያል መለኪያ (ጥቃቅን ልዩነትን በመርፌ የሚያሳይ መሣሪያ) ይዞ የሚመጣ ሌላ ባለሙያ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ተልኮልኝ፣ ላማው ቀጥ ብሎ ሲቆምም ሆነ 45 ዲግሪ ሲያዘነብል ተለክቶ፣ የተገኘው ቁጥር ከማስተካከያው በፊትና በኋላ በጽሑፍ እንዲሰጠኝና ርክክቡም በፊቴ እንጨት ተቆርጦና ተልጎ እንዲፈጸም እጠይቃለሁ። ይህ በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ የማይሆን ከሆነ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ ይመለስልኝ። የልኬቶቹን ዝርዝርና የተቃጠለውን ሳንቃ ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬአለሁ። እስከዚያው ድረስ መጋዙን ከኤሌክትሪክ ነቅዬ አቁሜዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የአገልግሎቱ ደንበኛ