ሳቂ፣ በእሷ ግን አትሳቂ

አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን

ልጄ፣ የኔ እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉልበቴም ተሽሎኛል፣ አታስቢ። ይህን በእጄ ጽፌ ወንድምሽ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል። ስልክ ላይ ገና ስጀምር «አባዬ፣ መልሼ ልደውልልህ» ትይኛለሽ። ወረቀት ግን አይቋረጥም።

ነገሩን ታውቂዋለሽ። እሁድ ቤተሰብ ግሩፑ ላይ የለጠፍሽውን ፎቶ አየሁት። ቪየና ሙዚየም ውስጥ፣ የጥንቷ የድንጋይ ሴት ካለችበት የመስታወት ሣጥን አጠገብ ቆመሽ፣ ጉንጭሽን ነፍተሽ፣ ሆድሽን ወደ ፊት ገፍተሽ። ከሥሩ ደግሞ «እቴቴን ቪየና አገኘኋት!» ብለሻል። የአጎትሽ ልጆች በሳቅ ምልክት ሞሉት። እቴቴም አየችው። ምንም አላለችም። ሦስተኛው ቡና እስኪወርድ ድረስ ቃል አልወጣትም። እቴቴ ቡና እያፈላች ዝም ስትል ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ።

ልጄ፣ መሳቅ ጥሩ ነው። እናትሽ ካረፈች በኋላ ይህን ቤት ያቆመው ያንቺ ሳቅ ነው። ስለ ራቁት ሴቶች ሥዕልና ሐውልት ታሪክ ደግሞ ስንት የሚያስቅ ነገር አለ! እኔም ስቄበታለሁ። ግን በሴትየዋ አትሳቂ። የምልሽ ይህን ብቻ ነው።

ያቺ መስታወት ሣጥኑ ውስጥ ያለችው የዊለንዶርፏ ቬነስ 11 ሴንቲ ሜትር ብቻ ናት። መዳፍሽ ውስጥ ትገባለች። በ1908 ዊለንዶርፍ በምትባል የኦስትሪያ መንደር፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባቡር ሐዲድ ሲሠራ ነው የተገኘችው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።) ዕድሜዋ ወደ 30,000 ዓመት ይጠጋል። ድንጋይዋ የዚያ አካባቢ ድንጋይ አይደለም። በ2022 የወጣ ጥናት ከሰሜን ጣሊያን ሳይመጣ አይቀርም ይላል። እስኪ አስቢው። መኪና የለ፣ በቅሎ የለ። ብርድ ነው። አንድ ሰው ምግቡንና እሳቱን ብቻ ሳይሆን ይህቺንም ሴት ይዞ ተራራ ለተራራ ዞሯል። ከእጅ ወደ እጅ ተቀባብለዋት ይሆናል። የምትናቅ ነገር ማን ይሸከማል?

ጡቷ ትልቅ ነው፣ ሆዷ ትልቅ ነው፣ ዳሌዋ ትልቅ ነው። አዎ። የሠራት ሰው ግን እጅግ ተጠንቅቋል። ቀጫጭን እጆቿን ደረቷ ላይ አሳርፎላታል። እምብርቷን አልረሳም። ቀይ ቀለም ቀብቷታል። አንቺ እቴቴን ትመስላለች አልሽ። እኔም ስልኩን ይዤ ረጅም ጊዜ አየኋት። ልክ ነሽ፣ ትመስላለች። ግን አንቺ ያደግሽው እዚያ ጀርባ ላይ ታዝለሽ ነው። እናትሽ በታመመች ጊዜ ሌሊት ሌሊት ያስተኛሽ ያ ደረት ነው። ስለዚህ አትሳቂ።

መሳቅ ካማረሽ በ2017 መጨረሻና በ2018 መጀመሪያ በሆነው ሳቂ። ፌስቡክ የዚችን የ11 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ፎቶ የብልግና ምስል ነው ብሎ አንስቶት ነበር። ሙዚየሙ ተቆጣ። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ሠላሳ ሺህ ዓመት ማንንም ያልጎዳች ሴት! እዚህ ላይ እኔም ሳቅሁ፣ ወንድምሽም ሳቀ።

የኮስ ደሴት ሰዎችን ታሪክ ደግሞ ስሚ። በጥንት ግሪክ ፕራክሲቴለስ የሚባል ታላቅ ቀራጺ ነበረ። የግሪኮችን የፍቅር አምላክ አፍሮዲቴን (ሮማውያን ቬነስ የሚሏትን) ሁለት ጊዜ ሠራ፣ አንዷ የለበሰች፣ አንዷ ራቁቷን። የኮስ ሰዎች ደነገጡና ጨዋነት ይሻላል ብለው የለበሰችውን ወሰዱ። ራቁቷን የቀረችውን የክኒዶስ ከተማ ገዛቻት። ከዚያማ ዓለም ሁሉ እሷን ለማየት በመርከብ ይጎርፍ ጀመር። አንድ ንጉሥ እሷን ስጡኝና የከተማችሁን ዕዳ በሙሉ ልክፈል ብሎ ለመናቸው። እምቢ አሉ። ይህን የጻፈው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። የኮሷን የለበሰች አፍሮዲቴ ዛሬ ማን ያስታውሳታል? ኮሶች በየምሽቱ ዕቃ ሲያጣጥቡ ምን ይባባሉ እንደነበር ሳስብ ሳቄ ይመጣል።

ሮም ደግሞ የባሰ ነው። ሠዓሊው ሚኬላንጄሎ በ1541 በቫቲካን ሲስቲን ጸሎት ቤት «የመጨረሻው ፍርድ» የሚባለውን የግድግዳ ሥዕል ሲጨርስ ግድግዳው በራቁት ሰው ተሞልቶ ነበር። የጳጳሱ የሥነ ሥርዓት ሹም፣ ቢያጆ የሚባለው፣ ይህ ለመታጠቢያ ቤትና ለመጠጥ ቤት የሚሆን ነው ብሎ ወቀሰ። ሚኬላንጄሎ መልስ አልሰጠውም። የአህያ ጆሮ አድርጎ ሲኦል ውስጥ ሣለው። እስከ ዛሬ እዚያው አለ። ሚኬላንጄሎ በሞተ በዓመቱ፣ በ1565፣ ዳንኤሌ ዳ ቮልቴራ የተባለ ሠዓሊ ለራቁቶቹ ልብስ እንዲስል ታዘዘ። ለቅድስት ካትሪን አረንጓዴ ቀሚስ አለበሳት። ጎበዝ ሠዓሊ ነበረ። ሰው የሚያስታውሰው ግን «ሱሪ ሰፊው» በሚል ቅጽል ስም ነው።

ልጄ፣ ስለዚህ ሰውዬ ባነበብሁ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደኝም። ለምን እንደሆነ ነግሬሽ አላውቅም።

ሳሎን፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ያለውን ወፍራሙን የሥዕል መጽሐፍ ታስታውሺዋለሽ። ጀርባው በፕላስተር የተለጠፈውን። አራት ዓመት ገደማ ሆኖሽ «ይቺ ሴትዮ ለምን ሰማያዊ ቀሚስ ለበሰች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ሠዓሊው ነው ያለበሳት» አልኩሽ። ዋሽቼሻለሁ። ያለበስኳት እኔ ነኝ።

የዛሬ 40 ዓመት ገደማ ነው። እናትሽንም አላውቃትም ነበር። ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እሠራለሁ። መጽሐፉ በስጦታ ነው የመጣው። የወላጆች ቀን ሲቃረብ ኃላፊው ጠርቶኝ «እነዚህን ሴቶች ሸፍናቸው» አለኝ። ቅጠሎቹን ብቀድ ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ ይጠፋል። ስለዚህ ሰማያዊ እስክርቢቶ ይዤ ሦስት ምሽት ቁጭ አልኩ። አሥራ አንድ ሴቶች አለበስኩ። ቦቲቼሊ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ለሣላት ቬነስ የሀገር ልብስ ሣልኩላት። ጥበቡን እስከ ጫፉ ድረስ በጥንቃቄ ሠራሁት። ነጠላም ደረብኩላት።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። በየቀኑ በምሳ ሰዓት ትመጣና ያንን ገጽ ትገልጣለች። የቬነስን ፀጉር በእርሳስ ትገለብጣለች። ሌላውን አይደለም፣ ፀጉሩን ብቻ። እንደ ወንዝ ነበር የምትስለው። ከወላጆች ቀን በኋላ መጣች። ገለጠች። ዝም ብላ አየች። ከዚያ ቀና ብላ «ጋሼ፣ በርዷት ነው?» አለችኝ።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን እፍረቱ ወደ ንዴት ተለወጠብኝና «ውጪ!» ብዬ ጮህኩባት። ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ሁለተኛ አልመጣችም። ስሟን እንኳ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ዛሬ የሃምሳ አምስት ዓመት ገደማ ሴት ትሆናለች። መንገድ ላይ ባገኛት አላውቃትም።

ደግሞ እኮ ያ ሥዕል ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ልብስ ዘርግታ ወደ ቬነስ የምትሮጥ ሴት አለች። ነፋሱ ልብሱን እያውለበለበው። ቦቲቼሊ በ1485 ገደማ ሲስለው አስቦላት ነበር። ልብሱ እየመጣላት ነው። እኔ ቀድሜ ምን አስገባኝ? ፍሎረንስ የመሄድ ዕድል ካገኘሽ ኡፊዚ ገብተሽ ያለ እኔ እስክርቢቶ እያት። እኔ የማውቃት ሰማያዊ ለብሳ ነው። መጽሐፉ ሲወገድ ቤት ያመጣሁት ስለዚህ ነው፣ ሌላ ልጅ እንዳያየው።

ወረቀቱ እያለቀ ነው፣ ወደ አንቺ ልመለስ።

ከዚያ ሙዚየም ስትወጪ፣ ከአደባባዩ ማዶ መንትያውን የሚመስል ሕንፃ አለ፣ የሥነ ጥበቡ። ግቢ። የተማሪ መታወቂያሽን ያዢ፣ ቅናሽ አለው። ቁርስ በልተሽ ሂጂ። ቲንቶሬቶ የሚባል ሠዓሊ የሣላትን ሶስና ፈልጊያት። ሶስናን እቴቴ ነግራሻለች፣ ከዳንኤል ጋር ያለችውን፣ ሁለቱ ሽማግሎች በሐሰት የከሰሷትን። ሥዕሉ ላይ አንደኛው ሽማግሌ ከጽጌረዳው አጥር ሥር ተጋድሞ መላጣውን አውጥቷል። ሌላው ወዲያ ጫፍ ላይ አጎንብሷል። ሁለት የተከበሩ ዳኞች፣ እንደ ዶሮ ሌባ! በእነሱ ሳቂ፣ እስክትጠግቢ። እሷ ግን እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ መስታወቷን ታያለች። ምንም አላደረገችም። በእሷ አትሳቂ።

እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሠዓሊው ሩበንስ ሚስቱን ሄለናን ፀጉራም ካባ ብቻ ጣል አድርጋ የሣላት አለ። ሲኒማ ላይ እንደምናያቸው አይደለችም። ጉልበቷ ላይ ስርጉድ አለ፣ ወገቧ ላይ እጥፋት አለ። አንዱንም አልደበቀም። ሥዕሉን አልሸጠውም። ሲሞት በኑዛዜ ለራሷ ተወላት። አሥር ደቂቃ ፊቷ ቁሚ። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊው።

ስለ ፈረንሳዊው ሠዓሊ አንግር ብዙ አልልሽም። በ1814 የሣላት ሴት ጀርባዋ በጣም ስለረዘመ ተቺዎች ሦስት ትርፍ የአከርካሪ አጥንት አላት አሉ። ቆንጆ ጀርባ ነው፣ ግን አያልቅም። ስህተቱ የሱ እንጂ የሷ አይደለም።

ስለ ኦሎምፒያ ግን ዝም ማለት አልችልም። ማኔ የሚባል ሠዓሊ ይህቺን ራቁት ሴት ሥሎ በ1865 ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሲያቀርባት ሕዝቡ ተሳለቀባት። ተቆጣ። በጥበቃ ነው የተረፈችው፣ በኋላም እጅ እንዳይደርስባት ከፍ አድርገው ሰቀሏት። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ግን ካባኔል የሣላትን ራቁት ቬነስ፣ ማዕበል ላይ የተኛችውን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሱ ገዝቶ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው? የካባኔሏ ዓይኗን በክንዷ ከልላለች። ኦሎምፒያ ግን ቀጥ ብላ ታይሻለች። የፓሪስ ሴት ናት፣ ሰው ናት። እሱ ነው ያስቆጣቸው።

ለሥዕሉ የተቀመጠችው ቪክቶሪን ሙራን ትባላለች። ሕዝቡ የሳቀባት ሴት ሥዕል ተማረች። በ1876 ያው ኤግዚቢሽን የሷን ሥዕል ተቀበለ። በዚያው ዓመት የማኔን ሥዕሎች መለሰ! ይህን ያነበብሁ ቀን ደስታዬን የምነግረው ሰው አጥቼ እቴቴን ከወጥ ቤት ጠራኋት። «እሰይ!» አለች፣ ማንኪያውን እንደያዘች። ያቺን የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበር ያሰብኳት። ምናልባት እሷም የሆነ ቦታ ሥላ ይሆናል።

በእሷ አትሳቂ ስልሽ ለዚህ ነው። ከፎቶው ጀርባ ሁልጊዜ አንዲት ሴት አለች። አንዳንዴ ስሟ ይታወቃል፣ አንዳንዴ አይታወቅም።

አሁን የማዝሽን ስሚ። ፎቶውን አጥፊው። «ቀልድ ነው» ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ደውዪ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ከአምስት ሰዓት በኋላ ቤት አለች። ይቅርታ በይኝ በያት፣ አታብዢው። በርበሬና ሽሮ የሚይዝልሽ ሰው ተገኝቷል፣ ቦርሳሽ ትልቅ ይሁን። ወፍራም ካልሲ ግዢ፣ የቪየና ኅዳር እንደ እንጦጦ አይደለም ይላሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ትናንት ማታ እቴቴ መነጽሯን አድርጋ ስልኩን ስጠኝ አለችኝ። ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። አንቺን አይደለም፣ ድንጋይዋን። ፊት የላትም፣ ራሷ ዙሪያውን ረድፍ በረድፍ የተጠቀለለ ነገር ነው። ሊቃውንቱ የተሸረበ ፀጉር ይሁን የተሠራ ቆብ አልተስማሙም። እቴቴ ግን ጊዜ አልወሰደባትም። «ሹሩባ ነው» አለች። «እጇ ጥሩ ነው የሠራቻት። ግን ከኋላ እንዴት እንደቋጨችው አይታይም።»

ስለዚህ ተመለሺና ከኋላዋ አንሺያት። ጠጋ ብለሽ፣ ያለ ፍላሽ። ለግሩፑ አይደለም፣ ለእቴቴ ብቻ ላኪላት።

አባትሽ